ፊቱ ሄዶ ስሙ ሲቀር

በሐርጌሳ የቱርክ ተከታታይ ድራማ የቤት እንግዳ ከሆነ ቆይቷል። ከፊሉ በሶማልኛ ድምፅ ተቀድቶ ይቀርባል፤ ከፊሉ በአረብኛ ሳተላይት ጣቢያዎች በኩል ይገባል። አዲስ አበባም ብትሆን ቃና በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የኢስታንቡልን ባልና ሚስት ጠብ በአማርኛ ስትከታተል ኖራለች። በሁለቱም ከተሞች ታዲያ ተመልካቹን በየጊዜው የሚገጥመው ነገር አንድ ነው። የወደዳት ተዋናይ ድንገት ትሄዳለች፣ ድራማው ግን ይቀጥላል። እንዴት?

ከሁሉም ይበልጥ የተወራበት የሁረም ሱልጣን ነገር ነው። አረቦች «ሐሪም አል ሱልጣን» ብለው በሶርያ አነጋገር የተረጎሙት ድራማ በቱርክ የተጀመረው በጥር 2011 ነበር። ታሪኩ ሱልጣን ሱሌይማንንና ከባርያነት ተነሥታ ሕጋዊ ሚስቱ የሆነችውን ሁረምን ይከተላል። (ሱሌይማን ለእኛም ባዳ አይደለም፤ በ1557 ምጽዋን የያዙት ቱርኮች የእርሱ ወታደሮች ነበሩ።) ሁረምን የተጫወተችው ጀርመን ተወልዳ ያደገችው መርየም ኡዘርሊ ናት። በግንቦት 2013፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ገና ሳያልቅ፣ በድካም ብዛት መቀጠል አቅቷት ወደ ጀርመን ሄደች። ድካሙን ለመረዳት የቱርክን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ክፍል ብዙ ጊዜ የሁለት ሰዓት ርዝመት አለው፤ ያም በየሳምንቱ ነው። በየሰባት ቀኑ አንድ ሙሉ ፊልም ሠርቶ ማስረከብ ማለት ነው።

ደራሲዎቹ ሁረምን ገድለው ሊገላገሉ አልቻሉም። የታሪክ መጻሕፍት የሞተችው በ1558 መሆኑን ይናገራሉ፤ የልጆቿ የዙፋን ሽኩቻም ገና በድራማው አልደረሰም። ስለዚህ በመስከረም 2013 አራተኛው ምዕራፍ ሲመለስ ቫሂደ ፐርቺን የምትባል አንጋፋ ተዋናይ በዕድሜ የገፋችውን ሁረም ሆና ቀረበች። ሱሌይማን ግን ያው ሃሊት ኤርገንች ነው። ባልየው ፊቱ ሳይለወጥ ሚስቱ ሌላ ሰው ሆነች! የተመልካቹ ቁጣ ብዙ ነበር፤ ድራማው ግን እስከ ሰኔ 2014 ሄዶ በሰላም አለቀ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የድራማው ዋና ደራሲ መራል ኦካይ በሚያዝያ 2012 ሞታለች። ሁረም የምትናገረውን ስትጽፍ የነበረችው እርሷ ናት። ሥራውን ይልማዝ ሻሂን ተረክቦ ቀጠለ፤ ተመልካቹም ተከታተለው። ፊት ሲለወጥ አገር የሚያምስ ሰው ቃሉን የሚሠራው እጅ ሲለወጥ ብዙም አይሰማውም።

«ኤርቱግሩል» በተባለው ሌላ የቱርክ ድራማ የሆነው ደግሞ የሁረም ተቃራኒ ነው። የኤርቱግሩልን ሚስት ሃሊመን የምትጫወተው ኤስራ ቢልጊች በአራተኛው ምዕራፍ ማብቂያ፣ በ2018፣ ስትወጣ ደራሲዎቹ ሃሊመን በወሊድ ገደሏት፤ የተወለደው ልጅ ደግሞ ኦስማን ነው፣ የኦቶማን መንግሥት መሥራች። አምስተኛው ምዕራፍ ዓመታትን ዘልሎ ጀመረ። ስለ ኤርቱግሩል ዘመን የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ደራሲዎቹን «አይደለም» የሚላቸው አልነበረም። ሞት ጥሩ መውጫ ነው፤ ተመልካቹ አልቅሶ ይወጣለታል። ምትክ ተዋናይ ግን ለቅሶም ሳይኖር የተቀመጠ ሐዘን ነው።

የአሜሪካው ድራማ «ዳላስ» ሁለቱንም ሞክሯል። እናቲቱን ለአንድ ዓመት በሌላ ተዋናይ ተካ፣ ዋናዋ ስትመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። የገደለውን ቦቢ የተባለ ገጸ ባሕሪ ደግሞ በ1986 ከመታጠቢያ ቤት ሕያው አድርጎ አወጣውና ያለፈው ዓመት ሙሉ ሕልም ነበር አለ። ተመልካችን ከዚህ በላይ መናቅ ያለ አይመስለኝም። የእንግሊዙ «ዶክተር ሁ» ይሻላል፤ በ1966 ዋናው ተዋናይ ሲደክም፣ ገጸ ባሕሪው አካሉን እየለወጠ የሚኖር ፍጡር ነው ብሎ መሄድን ራሱን የታሪኩ ሕግ አደረገው።

ሐርጌሳ ግን ተዋናይ ሲሄድ ምን ይደረጋል የሚለውን ጥያቄ ቴሌቪዥን ሳይመጣ ታውቀዋለች። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው «ዋላሎ ሐርጌሳ»፣ የሐርጌሳ ወንድማማቾች ማለት፣ ለሶማሊ ተውኔት መሠረት ከጣሉት ቡድኖች አንዱ ነበር። የተውኔቱ አጥንት ግጥም ነው፤ ግጥሙ ኡድ በተባለው ባለ ክር መሣሪያ ታጅቦ ይዘፈናል፣ በመካከል ተራ ንግግር ይገባል። ሶማልኛ ወጥ ጽሕፈት ያገኘው በ1972 ስለሆነ ከዚያ በፊት ደራሲው ድርሻውን ለተዋናዩ በቃል ያስጠናው ነበር። የወረቀት ጽሑፍ የለም፤ ገጸ ባሕሪው የሚኖረው በተጫዋቹ አእምሮ ውስጥ ነው።

እንዲህ ከሆነ ተዋናይ ሲሄድ ሁሉ ነገር ይጠፋል ሊባል ይችላል። አልጠፋም፤ ምክንያቱም በሶማሊ ግጥም ሕግ አንዱ ፊደል ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው እየተደጋገመ ይሄዳል። ምትኩ አንድ ቃል ቢያጠፋ የፊደሉ ሰንሰለት ይበጠስና አዳማጩ ወዲያው ያውቅበታል። ንግግሩ ላይ ግን ተዋናዩ የራሱን መጨመር ይችላል። የሚቆየው ክፍል በግጥም ታሰረ፣ የሚለወጠው ለተጫዋቹ ተተወ። የኢስታንቡል ፕሮዲውሰሮች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ፊትም ቢሆን ያን ያህል አይከብድም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴቶቹን ድርሻ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ቀድመው ወደ ሙያው ከገቡት ሴቶች መካከል ሻምስ አቦኮር ቤተሰቧ እንዳያውቃት «ጉዱዶ አርዎ» በሚል ስም በራዲዮ ሐርጌሳ ዘፈነች። ሕዝቡ ፊቷን ሳያይ ድምፅዋን ወደደ። ራዲዮ ሐርጌሳ በ1943 «ራዲዮ ኩዱ» ተብሎ የተጀመረ ጣቢያ ነው፤ ለብዙው ሶማሊ መድረኩ እርሱ ነበር።

ትልቁ መበተን የመጣው በ1988 ነው። የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ ጦር ከተማዋን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲደበድብ ብሔራዊው ቲያትር ፈረሰ፣ ሕዝቡም በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ በጅጅጋ አቅራቢያ ያለው የሐርቲሼክ መጠለያ ያን ጊዜ ከዓለም ትልልቆቹ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ። አንድ ተዋናይ ሳይሆን መላው ቡድን ከነተመልካቹ ሄደ። ከመደብደቡ በፊት የራዲዮው ሰዎች ካሴቶቹንና የቴፕ ጥቅሎቹን አሽሽተው ነበር፤ ከፊሉ ድንበር ተሻገረ፣ ከፊሉ መሬት ተቀበረ። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴት ይገኛል፤ ከዚህ ክምችት ከተወሰዱ ዘፈኖች ጭምር የተሠራ አንድ አልበምም በ2017 ወጥቶ ለግራሚ ሽልማት ታጭቷል።

አሁን እነዚያን ዘፈኖች የሚያነሡ ሌሎች ናቸው። ድምፃዊት ሳህራ ሀልጋን ከፈረንሳይ ስደት ተመልሳ በከተማዋ «ሂዶ ዳውር» የተባለ የባህል ቤት ከፍታለች፤ የድሮ ዘፈን በኡድ የሚሰማው እዚያ ነው። ዕድሜው ለጋ የሆነ ዘፋኝ በድሮ ተውኔት ውስጥ ሌላ ተጫዋች ያንጎራጎረውን ሲዘፍን አዳማጩ ከፊት ጋር አያስተያየውም፤ አብዛኛው ያን ፊት አላየውም። የሚያስተያየው ከካሴቱ ጋር ነው። ካሴቱ ደግሞ ቀላል ተፎካካሪ አይደለም።