ሩቁን መንደር የሚያቀርብ ሞተር

የሞተር ብስክሌት አያያዝና አመራረጥ በቆቦና በራያ ቆላ

ቆቦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በምዕራብ በግዳን ተራሮች፣ በምሥራቅ በዞብል ሰንሰለት መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ አላማጣ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ጎብዬን፣ ሮቢትንና ቆቦን ያገናኛል። ከዚህ ጎዳና ወደ ቀኝም ሆነ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ገበሬው ደጃፍ ለሚያቀና ሰው ግን መንገዱ ሌላ ነው። በበጋ አቧራ፣ በወንዝ ዳር አሸዋ፣ በክረምት ደግሞ እግር የሚይዝ ዋልካ ይጠብቀዋል። መኪና በማይገባበት፣ በእግርም ፈጥኖ መድረስ በማይቻልበት በዚህ መንገድ የግብርና ሠራተኛው፣ የእንስሳት ሐኪሙና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተስፋ የሚያደርጉት በሞተር ብስክሌት ላይ ነው።

ሞተር ሲበላሽ የሚቆመው ብረቱ ብቻ እንዳልሆነ የማኅበር መሪዎች ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ሠራተኛው የቅርቡን መንደር በእግሩም ቢሆን ይደርሰዋል፤ የሚቀረው ሩቁ መንደር ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ተጠብቆ መድረስ ያለበት የከብት ክትባት፣ ሞተሩ በአሸዋ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ከዋለ በረዶው ሟሙቶ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በመስከረምና በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ የራያን ሜዳ ወርሮ ማሽላና ጤፍ ባጠፋ ጊዜም፣ ፈጥኖ የመድረስ ዋጋ በግልጽ ታይቷል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የአንበጣ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝና በአንድ ቀን 35 ሺህ ሰው የሚመገበውን ያህል ሊበላ ይችላል። ይህ ጠላት ክንፍ ሳያወጣ፣ ገና ኩብኩባ ሳለ ካልተደረሰበት መከላከሉ እጅግ ይከብዳል።

ስለሆነም ያለውን ሞተር በደንብ መያዝ፣ የሚቀጥለውንም አስተውሎ መምረጥ የሹፌሩ ወይም የጋራዡ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባውም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው በተካሄደው ጦርነት ብዙ የሕዝብና የመንግሥት ንብረት ከጠፋ ወዲህ ደግሞ፣ አንዱን ሞተር ማቆየትም ሆነ በሌላ መተካት ከፍ ያለ ትርጉም አለው።

የአገሩ ሦስት ጠላቶች

የመጀመሪያው ጠላት አቧራ ነው። ሞተር እንደ ሰው አየር ይስባል። ከቤንዚኑ ጋር ደቃቅ አቧራ ከሳበ ፒስተኑና ሲሊንደሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ እርስ በርሳቸው ይፋጫሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተሩ ዘይት መብላትና ጭስ ማብዛት ይጀምራል። ይህን የሚከላከለው የአየር ማጣሪያው ነው። ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎም በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፣ በጥላ ሥር ደርቆና ጥቂት የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ አቧራው ይራገፋል፣ ሲያረጅም ይለወጣል። በደረቁ ወራት ይህ ሥራ በየሳምንቱ መሠራት አለበት። አንዳንዶች ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ በማለት ማጣሪያውን አውጥተው ይነዳሉ፤ ይህ ለአንድ ሳምንት ጉልበት ሲባል የሞተሩን ዕድሜ መሸጥ ነው።

ሁለተኛው ጠላት አሸዋ ነው። ጎሊናና ሆርማትን የመሳሰሉት ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ወርደው በሜዳው ላይ አሸዋቸውን ይዘረጋሉ። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ማሳውን ያጠጣበታል፤ ለሞተሩ ካቴና ግን አሸዋው ሞረድ ነው። አሸዋ የያዘ ካቴና ጥርሱን እየበላ፣ ራሱም እየተሳበ ይሄዳል። በነጭ ጋዝና በብሩሽ ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ተጠርጎ ዘይት ሊቀባ ይገባዋል። ከታች በኩል መካከሉ ላይ በጣት ሲገፋ በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ሞላቸው ረዘም ያለ የገጠር ሞተሮች ከዚህ ጥቂት ይበልጣሉ፤ ትክክለኛው ልክ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ካቴናና ጥርስ ሲያልቁ አብረው ይለወጣሉ፤ አዲስ ካቴና ባለቀ ጥርስ ላይ ማሠር ገንዘብን በከንቱ መጣል ነው።

ሦስተኛው ጠላት ዋልካው ነው። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየታጨቀ ጎማውን ያስራል። በሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች ላይ ከደረቀም ሞተሩ በአየር እንዳይቀዘቅዝ አድርጎ ያግለዋል። ማታ ማታ በእንጨት ፍቆ ማውረድ ያስፈልጋል። ሲታጠብ ግን በኃይል የሚወረወር ውኃ በጎማው ኩሽኔታና በኤሌክትሪኩ ሽቦ ላይ ማነጣጠር አይገባም።

ከዚህ ጋር የጎርፉ ነገር ሊነሣ ይገባዋል። የቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ በደጋው የዘነበው ዝናብ ደረቁን ወንዝ በድንገት ሊሞላው እንደሚችል የራያ ሰው ያውቃል። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ወጣት ሠራተኛ ግን ላያውቅ ይችላልና ማኅበሩ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ሞተሩ ውኃ ውስጥ ወድቆ ከጠፋ ወዲያው ፔዳሊናውን መምታት አደጋ አለው። መጀመሪያ ካንዴላው ተፈትቶ፣ ሞተሩ በቀስታ ዞሮ ውኃው መውጣት አለበት። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘም ሳይለወጥ አይነዳም።

በየማለዳው፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ

በየማለዳው አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ የዘይቱ መጠን ይታያል። ጎማው፣ የፊትና የኋላ ፍሬኑ፣ ካቴናውና መብራቱ ይፈተሻሉ። በድንጋያማ መንገድ መንቀጥቀጥ ዳዶ ያላላልና የጎማው ፔርኖና የመሪው ማሠሪያ በእጅ ይነካሉ። የጎማ ንፋስ በአብዛኞቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ በሆኑ ሞተሮች ከፊት 25፣ ከኋላ ደግሞ እንደ ጭነቱ ከ28 እስከ 33 ፒኤስአይ ገደማ ነው።

በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለማጣሪያው፣ ለካቴናው፣ ለፍሪሲዮን ገመዱና ለቸርኬው ራጂዎች ይመደብ። የላላ ራጂ በሚያሰማው ድምፅ ይታወቃል፤ በጊዜ ካልተጠበቀ ጎረቤቶቹን ሰብሮ ቸርኬውን ያጣምማል።

የዘይት ለውጥ በቀን ሳይሆን በኪሎ ሜትር ይቆጠራል። አንድ ሠራተኛ በቀን 60 ኪሎ ሜትር፣ በወር 20 ቀን ቢነዳ 1,200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአቧራማ አገር ዘይቱን በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ ለመለወጥ ለወሰነ ማኅበር እንግዲህ ተራው በየአምስት ሳምንቱ ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ባለ አራት ምት ሞተር የሚፈልገው ለሞተር ብስክሌት የተዘጋጀ ዘይት ነው። ለመኪና ከተሠሩት ዘይቶች አንዳንዶቹ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠል የራሱ ዘይት በተለየ ጋን ይቀመጥለታል፤ ይህ ጋን ባዶ ሆኖ ከተነዳ ፒስተኑ ይነክሳል።

ይህ ትምህርት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው፣ መሥራቾቹ በአፍሪካ የጤና ሠራተኞች ሞተሮች በጥቃቅን ብልሽት ምክንያት ተጥለው ካዩ በኋላ ነበር። በሌሶቶ፣ በጋምቢያና በሌሎችም አገሮች የሠራበት መንገድ ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሲበላሽ መጠገን ሳይሆን፣ ሳይበላሽ በቀነ ቀጠሮ መንከባከብ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

ቀጣዩን ሞተር ስትመርጡ

በቅሎ የሚገዛ ገበሬ በጠጉሯ መብለጭለጭ አይታለልም። ጥርሷን ያያል፣ ጀርባዋን ይዳስሳል፣ ሸኮናዋን ያነሣል፣ ከዚያም ተቀምጦ ሶምሶማዋን ይሞክራል። ሞተርም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት።

ምቾት ሲባል እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩት አሉ። ነገር ግን ጀርባው የሚያመው፣ እጁ የሚደነዝዝ ሠራተኛ ሳያስበው ሩቁን መንደር ለነገ፣ ከነገም ለሳምንት ያሳድራል። ገጣባ በቅሎ መንገድ እንደምትጠላ ሁሉ፣ የማይመች ሞተርም ነጂውን መንገድ ያስጠላዋል። ስለዚህ ምቾት የአገልግሎት ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ቁመቱን ተመልከቱ። ነጂው ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት መንካት አለባቸው፤ በአሸዋና በጭቃ ሚዛን የሚጠበቀው በእግር ነውና። በየቀበሌው በብዛት ሴቶች የሚሠሩበት የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት በ1995 ዓ.ም. የተጀመረ ነው፤ ሞተሩ ለእነርሱ የሚገዛ ከሆነ በረጅም ወንድ ቁመት ተለክቶ መመረጥ የለበትም። የምትነዳው ሠራተኛ ራሷ ትቀመጥበት፣ ራሷ ትግፋው፣ ሲወድቅም ራሷ ታንሣው።

ቀጥሎ አቀማመጡን ፈትሹ። የነጂው ወገብ ቀና ብሎ፣ ክንዱ ጥቂት ታጥፎ፣ ጉልበቱም ሳይጨናነቅ መቀመጥ አለበት። ወደ ፊት አጎንብሶ የሚያስነዳ የሩጫ ሞተር በአስፋልት ቢያምርም በዞብል መንገድ እጅና ወገብ ይሰብራል። እጅግ የለሰለሰ መቀመጫም አያታልላችሁ፤ ሱቅ ውስጥ የሚመቸው ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ተደፍጥጦ ብረቱን ያስነካል። ሰፋና ጠንከር ያለው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሞላውንና ጎማውን እዩ። ሞላው ረዘም ያለ፣ የፊት ጎማውም ተለቅ ያለ ሞተር ጉድጓዱን ያልፈዋል እንጂ አይወድቅበትም። የኋላ ሞላው እንደ ጭነቱ የሚጠብቅና የሚላላ ቢሆን መልካም ነው። የያማሃ ኤጂ ሞተሮች ለእርሻ ሥራ ታስበው በመሠራታቸው ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላቸው፤ ካቴናቸውም ከአሸዋ የሚጠብቀው ሽፋን አለው። የምትገዙት ይህን ባይሆን እንኳ እነዚህን ነገሮች ፈልጉበት።

አራተኛ፣ የመለዋወጫውን ነገር ከሞተሩ ዋጋ በፊት ጠይቁ። የሕንዶቹ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ፣ የጃፓኖቹ ያማሃና ሆንዳ፣ የቻይናዎቹም እያንዳንዳቸው ጥቅምና ጉድለት አላቸው። ወሳኙ ጥያቄ ግን «የፍሪሲዮን ገመዱ፣ የፍሬን ሸራውና ካቴናው ቆቦ ወይም ወልድያ ይገኛል? ይህን ሞተር ፈትቶ መግጠም የሚችል መካኒክስ አለ?» የሚል ነው። መልሱ «ከአዲስ አበባ ይመጣል» ከሆነ፣ አንድ ትንሽ ገመድ ሞተሩን ለሳምንታት ሊያቆመው ይችላል።

የኤሌክትሪክ ሞተር የቀረበላችሁ እንደሆነ ዘይት፣ ካንዴላና ቤንዚን አለመፈለጉ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም በሙሉ ጭነት፣ በአሸዋና በዳገት ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ደርሶ እንደሚመለስ ሞክራችሁ እዩ። የት እንደሚሞላና ባትሪው ሲደክም በስንት ብር እንደሚተካም ጠይቁ።

በመጨረሻም ሳትሞክሩ አትግዙ። ሙከራውም በሱቁ ደጃፍ አይሁን። ሠራተኛው የዘወትር ጭነቱን ጭኖ፣ ሄልሜቱን አድርጎ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በጠጠርና በአሸዋ ላይ ይንዳው። ሲመለስ ስለ ፍጥነቱ አትጠይቁት፤ ስለ ወገቡ፣ ስለ እጁና ስለ መቀመጫው ጠይቁት። የሊብሬው ወረቀት ከሻሲውና ከሞተሩ ቁጥር ጋር መግጠሙንም በዓይናችሁ አረጋግጡ።

የማኅበሩ ድርሻ

ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ቢሆንም አገልግሎቱ የገበሬው ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የገዛው ከሆነማ ንብረቱም የራሱ ነው። ከዚህ ቀጥለው የተመለከቱት አራት ነገሮች ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

1. ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ይከፈት። ቀኑ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የተጎበኘው መንደር፣ የተቀዳው ቤንዚን፣ የተለወጠው ዘይትና መለዋወጫ ይጻፍበት።

2. ቁልፉ በአንድ ተጠያቂ ሰው እጅ ይሁን። ሁሉም የሚነዳው ሞተር ማንም የማይንከባከበው ሞተር ይሆናል።

3. ከየወሩ ገቢ ለዘይት፣ ለጎማና ለካቴና የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሞተር ሲቆም የሚሰበሰብ መዋጮ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል።

4. ከሞተሩ ጋር አንዲት የመሣሪያ ከረጢት ትኑር። በውስጧም ከመነዳሪ፣ ፖምፓ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የካቴና ማያያዣና ቁልፎች ይያዙ።

ደብተሩ ከተያዘ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በወሩ ስብሰባ ላይ ገጹ ሲገለጥ ሞተሩ የትኛውን መንደር አዘውትሮ እንደረገጠ፣ የትኛውንም እንደዘለለ ይታያል። የተዘለለ መንደር ካለ ምክንያቱን ጠይቁ። ምክንያቱ የላላ ካቴና፣ ያለቀ ጎማ ወይም ወገብ የሚያሳምም መቀመጫ ሆኖ ከተገኘ፣ መጠገን ያለበት ወይም መለወጥ ያለበት ምን እንደሆነ በዚያው ስብሰባ መወሰን ይቻላል።