ጥቁር አምፑልና ለነጋዴው የሚሰጠው አገልግሎት

ወላይታ ሶዶ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭና ከዳውሮ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። በገበያ ቀን በአንድ ባለሱቅ እጅ የሚያልፈው ብር ከየአቅጣጫው የመጣ ስለሆነ፣ ከመካከሉ ሐሰተኛ ኖት ቢገባ ምንጩን ለይቶ ማወቅ እጅግ ያስቸግራል። ባንክም ለሐሰተኛ ኖት ምትክ ስለማይሰጥ፣ ኪሳራው በመጨረሻ በተቀበለው ሰው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «ጥቁር አምፑል» የሚባለውን መብራት ጠባይና አገልግሎት ማወቅ ለነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል።

አምፑሉ ጥቁር የተባለው ከሚሰጠው ጨረር አብዛኛው ለዓይን ስለማይታይ ነው። ዓይን የሚያየው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህ አምፑል የሚሰጠው በ365 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ተን በኤሌክትሪክ ኃይል ጨረር ያወጣል፤ በቱቦው ውስጠኛ ገጽ የተቀባው ዱቄት ጨረሩን ወደሚፈለገው ሞገድ ይለውጠዋል፤ ጥቁር ሐምራዊ መስታወቱም የሚታየውን ብርሃን አግዶ የማይታየውን ያሳልፋል። እንዲህ ያለውን መስታወት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 የሠራው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ ነው። ጨረሩ ሲያርፍባቸው አንዳንድ ነገሮች ተቀብለው በሚታይ ቀለም መልሰው ያበሩታል፤ የአምፑሉም ጥቅም ከዚህ የተነሣ ነው።

ተራ ወረቀት እንዲነጣ ሲባል የሚያበራ ኬሚካል ስለሚገባበት በዚህ ጨረር ሥር ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ሆኖ ይበራል። የገንዘብ ኖት ወረቀት ግን በአብዛኛው ይህ ኬሚካል ስለሌለበት ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። በአሜሪካ ዶላር ውስጥ ያለው ክር ደግሞ በ100ው ላይ ሮዝ፣ በ50ው ቢጫ፣ በ20ው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ የሆኑትን የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶች ለመመርመር የሚሻ ባለሱቅ፣ ከባንክ የተቀበለውን ኖት ከሚጠራጠረው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያይ። ነገር ግን በዱቄት ሳሙና የታጠበ እውነተኛ ኖትም ሊያበራ ስለሚችል፣ ደንበኛን በችኰላ መወንጀል አይገባም፤ ወረቀቱን በእጅ መዳሰስ፣ የውሃ ምልክቱንና ክሩንም ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል።

ከቦዲቲና ከአረካ ዙሪያ በቆሎ ለሚሰበስብ ነጋዴም መብራቱ ሌላ አገልግሎት አለው። አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጨው ሻጋታ በያዘው በቆሎ ላይ፣ ፍሬው ተከክቶ በጨለማ ክፍል ሲታይ፣ ደማቅ አረንጓዴ ቢጫ ነጸብራቅ ሊወጣ ይችላል። ይህ ግን የጥርጣሬ ምልክት እንጂ የመርዙ ማረጋገጫ አይደለም። ነጸብራቅ የታየበትን እህል ለይቶ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይገባል፤ ነጸብራቅ አለመታየቱም እህሉ ንጹሕ ነው አያሰኝም።

አምፑል የሚገዛ ሰው 365 ናኖሜትር የሚል ጽሑፍ ይፈልግ። በሐምራዊ ቀለም ብቻ የተቀባ ተራ አምፑል ለዚህ ሥራ አይረባም። ተዋሲያን ለመግደል የሚሠራው የ254 ናኖሜትር መብራት ደግሞ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ በመደብር ጠረጴዛ ላይ ከቶ ሊቀመጥ አይገባውም። ትክክለኛውንም ቢሆን ትኩር ብሎ ማየት አይገባም። ጥቁር አምፑል ለጥንቁቅ ነጋዴ ጥሩ ረዳት ነው፤ ፍርዱ ግን የሰው ነው።