ነቀምቴ ካልሆነ

የዝውውር ወቅት ሲደርስ ጠረጴዛዬ ላይ የሚከመረው ማመልከቻ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ወለጋ የተመደበ ሰው «ነቀምቴ ካልሆነ አልሄድም» ይላል፤ ነቀምቴ ያለው ደግሞ አዲስ አበባን ወይም አዳማን ይጠይቃል። ሻምቡን፣ አርጆን፣ ነጆን ወይም መንዲን በአንደኛ ምርጫነት የሞላ ቅጽ ሲገጥመኝ፣ አመልካቹ የዚያው ልጅ መሆኑን ለማወቅ የትውልድ ቦታውን ማንበብ አያስፈልገኝም። ሥራዬ የሰው ኃይል አስተዳደር ነው። በወለጋ ከተሞች ላሉ ቅርንጫፎቻችን ሰው እመድባለሁ፣ አዛውራለሁ፣ የሚለቀውንም እሸኛለሁ። ከዚህ ወንበር ሆኜ ለዓመታት ያየሁት ግን ከማመልከቻዎቹ ጋር አይገጥምም። ነቀምቴን ለምነው ያገኟት ቶሎ ይለቃሉ፤ እያጉረመረሙ ትንንሾቹ ከተሞች ከሄዱት ውስጥ ግን ብዙዎቹ ይቆያሉ።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 331 ኪሎ ሜትር ነው። በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ የሚመጣው መንገድ ደህና ከሆነ ንጋት ላይ የተነሣ ሰው የከሰዓቱን ቡና እዚህ ይጠጣል። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚሁ ቅርበት ነው። ተዛዋሪው አዲስ አበባ ያለውን ቤት አይለቅም፣ ትዳሩን አያመጣም፤ ፍራሽና አንድ ሻንጣ ይዞ ሰርቪስ ቤት ይከራያል። ዓርብ ከሰዓት ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሰኞ የሚመጣው እንቅልፍ ሳይጠግብ ነው። የሁለት ቤት ኪራይና የመኪና ወጪ ደመወዙን ይበላዋል። ውሎ አድሮ ከተማዋን መርገም ይጀምራል፣ ከተማዋን ግን አላያትም። የአካባቢውን የቀድሞ ገዢ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት አንድ ቀን እንኳ ገብቶ ሳያይ መሸኛውን የተቀበለ ስንቱን አውቃለሁ። ደምቢ ዶሎ የተመደበው ይህን ማድረግ አይችልም። ከዋና ከተማዋ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በየሳምንቱ መመላለስ የለም። ስለዚህ አልጋውንም ብረት ድስቱንም ጭኖ ይሄዳል። እያማረረ ይሄዳል እንጂ ጓዙን ጠቅልሎ ነው የሚሄደው፤ ልዩነቱን የሚያመጣውም ይኸው ይመስለኛል።

መንገዱን ግን እንደ ዋዛ የማየው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ በርካታ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል የቆየው ግጭት ብዙ ሰላማዊ ሰው ገድሏል፣ ብዙውን ከቀዬው አፈናቅሏል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ የተፈጸመው የጅምላ ግድያ እዚህ የምንኖረውን ሁሉ ያንቀጠቀጠ ነው። ሠራተኛ ወደ አንድ ከተማ ከመላኬ በፊት እዚያው ላሉት ባልደረቦቼ ደውዬ የዛሬውን መንገድ እጠይቃለሁ፤ የትናንቱ ወሬ አይበቃኝም። «አይሆንም» ካሉኝ ምደባው ይቆያል፣ አለቃዬም ይቆጣል። ስለ ቤት ኪራይና ስለ አየር ንብረት የሚወራው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ወጣት የሒሳብ ባለሙያ በቅርቡ ስልኩን አውጥቶ የጣሊያንን ነገር አሳየኝ። ሞሊዜ የሚባለው ክልል በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ነዋሪያቸው ከ2,000 በታች ወደሆነ መንደሮች ሄዶ ለሚኖርና ሥራ ለሚከፍት ሰው በወር 700 ዩሮ ለ3 ዓመት እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ካላብሪያም ከሁለት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ነገር አውጥታለች። ቤት በ1 ዩሮ የሚሸጡ መንደሮችም አሉ። «እኛስ ለነጆ ምን ይከፈለናል?» አለኝ እየሳቀ። የጓዝ ማንሻ ነው የሚከፈለው፤ ለቆላ ሥራ የበረሃ አበል የሚጨምሩ መሥሪያ ቤቶችም አሉ። ይሁንና ሞሊዜ ሰው የጠፋበት አገር ነው፤ የትምህርት ቤት ደወል የሚሰማ ልጅ አጥቷል። ነጆ ልጅ ሞልቷታል። የጎደላት አስተማሪ፣ ሐኪምና የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የ1 ዩሮ ቤት መፍትሔ አይሆንም።

ነገሩ ተገላብጦ የነበረበት ዘመንም አለ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1902ቱ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት ጋምቤላን የንግድ ወደብ ካደረጋት በኋላ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ጨርቅና ጨው አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ቡናው የሚሰበሰበው ሳዮ ነበር፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ። ግሪኮችና ሶሪያውያን ነጋዴዎች ከጋምቤላ ሽቅብ ወጥተው እዚያ ሱቅና መጋዘን ከፍተዋል። ፕራሶ የሚባል ጣሊያናዊም ዩብዶ ላይ ፕላቲኒየም አውጥቷል። የደቡብ አውሮፓ ሰው እንጀራ ፍለጋ የወለጋን ጭቃ ረግጦ ኖሯል ማለት ነው፤ የእኛ ተመራቂ ግን በስልኩ ሞሊዜን ያያል።

ከእነሱ ሁሉ ይልቅ የማስበው ኦኔሲሞስ ነሲብን ነው። ኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። አስቴር ጋኖና ሌሎች እየረዱት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉሞ በ1899 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ካሳተመ በኋላ፣ በ1904 ነቀምቴ ገባ። የትውልድ መንደሩ አልነበረችም። ኩምሳ ሞሮዳ ተቀበሉት፤ አስተማረ፣ ጻፈ፣ በ1931 እዚሁ አረፈ። በእኔ ቅጽ ቋንቋ ቢባል ተዛዋሪ ነበር፤ መሸኛ ግን አልጠየቀም።

ተመርጦ ያልተመጣበት ታሪክም አለ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ አሶሳን ጨምሮ ከሁሉ ብዙውን የተቀበለው ወለጋ ነበር። ቄቶ፣ ጃርሶና አንገር ጉትን የተባሉት የሰፈራ ቦታዎች ያኔ ስማቸው በየስብሰባው ይነሣ ነበር። ሰዎቹ በረሃብ ተጎድተው በአውቶቡስና በአውሮፕላን መጡ፤ ወባ፣ የማያውቁት አፈርና የማያውቁት ቋንቋ ጠበቃቸው። ምን እንደሚዘራ፣ ማን ጎረቤት እንደሚሆን የተወሰነው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከዚያ የቀረው ቁስል ዛሬም አልደረቀም፣ በግጭቱ ውስጥም ይታያል። የእኔ ተዛዋሪዎች ደመወዝና የመመለሻ መንገድ ያላቸው ስለሆኑ ከነዚያ ጋር አላስተያያቸውም። ይሁን እንጂ ሰውን እንደ ዕቃ ቁጥር ሰጥቶ መላክ ምን እንደሚያመጣ፣ የምደባ ዝርዝር በፈረምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ተዛዋሪ የሚጠይቀኝ መጀመሪያ ስለ አበል ነው። አበል ሰውን ሲያቆይ አላየሁም፤ ያመጣል እንጂ። የሚያቆየው ቤት ነው። ፊንጫ ሸለቆ ውስጥ የስኳር ፋብሪካ ሲሠራ የሠራተኛ መንደርም አብሮ ተሠርቷል። ያንን ሙቀትና ያንን ርቀት ችሎ ዕድሜውን የሚጨርስ ሠራተኛ የተገኘውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። እኛ ጋ ሠራተኛው ራሱ ከደላላ ጋር ይንከራተታል። ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፦ ቤት በጥር አትዩ። ነቀምቴና አካባቢዋ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛሉ። በበጋ ያማረ ግድግዳ ሐምሌ ላይ ይሻግታል፣ ግቢውም ጭቃ ይሆናል። ከሐምሌ ወይም ነሐሴ በፊት የግድ የምትከራዩ ከሆነ፣ አከራዩን ሳይሆን የቀድሞውን ተከራይ ጠይቁ።

ቋንቋውን በተመለከተ የምሰማው ሰበብ ብዙ ነው። «ቢሮ ውስጥ ሁሉም አማርኛ ይችላል» ይሉኛል፤ እውነት ነው። ገበያው፣ ጤና ጣቢያው፣ ቀበሌውና የልጅ ትምህርት ቤት ግን በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሠሩት። የልጁ ትምህርት ቤት ጉዳይ ቤተሰብን ከሁሉ በላይ ይከፋፍላል፤ አባት ይመጣል፣ እናትና ልጆች ይቀራሉ። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ከልጆቻቸው ጋር ቢመጡ ይሻላል እላለሁ፣ ልጁ ከጎረቤት ጋር እየተጫወተ በጥቂት ወራት ወላጁን ስለሚቀድም። አርጆ የላክሁት አንድ ላጤ ከቢሮ ሰው ይልቅ ከአከራዩ ነው የተማረው። እሱ «እትዬ» ሲላቸው እሳቸው «ኢልማ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉታል፤ የመስቀል ዕለት አንጮቴ አቅርበውለት፣ ለምን ከነልጣጩ እንደሚቀቀል ሲነግሩት ያልገባውን ቃል ሁሉ እያስደገሙ አስተማሩት። አሁን ደንበኛን የሚያስተናግደው በሁለቱም ቋንቋ ነው።

ሌላው የማየው ምልክት እድር ነው። በመጀመሪያው ዓመት እድር የገባ ሰው የዝውውር ማመልከቻ ሲያስገባ አላየሁም ማለት እችላለሁ። ያስገባ ቢኖር ቀብር የሚውልበት ቀን ስለሚበዛበት ይሆናል። ለቀልድ ነው፤ ግን እድሩ ለቅሶ ሲደርሰው፣ ዕቁቡ ብር ሲያቀብለው፣ ሰውየው የመመለሻ ቀን መቁጠሩን ይተዋል።

አለቆቼ ግን የሚሰሙኝ በግማሽ ነው። ዝውውርን አሁንም እንደ ቅጣትና እንደ ሽልማት ይጠቀሙበታል። ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተጣላ ወደ መንዲ፣ የወደዱት ወደ ነቀምቴ። ከተማን መቅጫ ያደረገ መሥሪያ ቤት እዚያ የሚሠራውን ሁሉ ይሰድባል፤ የሚሄደውም ሰው ገና ሳይደርስ ይከፋዋል። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ተቋቁሞ ጊምቢና ሻምቡ ድረስ ግቢ ከፍቷል፤ ደምቢ ዶሎም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። እነዚህ ከተሞች የሄደ ሰው ማስተርስ የሚማርበት አያጣም። ይህንን ለአመልካች የሚነግረው ግን የለም።

ትዳርን በተመለከተ የምመድበው አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ቤት ነው ብዬ እሠራለሁ። ባል ወይም ሚስት አስተማሪ ወይም ነርስ ከሆኑ፣ የዞኑን ትምህርት ወይም ጤና ጽሕፈት ቤት ቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ክፍት ቦታ ካለ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ ከሌለ ሌላ ከተማ እፈልጋለሁ። ለዚህ ደንብ የለኝም፣ የስልክ ወጪውም በራሴ ነው። የምደባ ቅጻችን ላይ የትዳር ጓደኛን ሥራ የሚጠይቅ መስመር እንዲጨመር ከጻፍኩ ቆይቷል፤ መልስ አላገኘሁም። እስኪጨመር ድረስ አመልካቾች በቅጹ ጀርባ ላይ በእጃቸው እንዲጽፉልኝ አደርጋለሁ።