ጆሮ ሳይለምድ አፍ አይፈታም

በአገራችን አንድ ተማሪ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይማራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ሒሳቡንም፣ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ተማሪ 12ኛ ክፍልን ሲያጠናቅቅ አንቀጽ አንብቦ መረዳትና የሰዋስው ጥያቄ መመለስ ላይቸግረው ይችላል። አንድ የውጭ አገር ሰው በተለመደው ፍጥነት ሲያናግረው ግን ግራ ይጋባል። የተነገሩት ቃላት በጽሑፍ ቢቀርቡለት አንድ በአንድ የሚያውቃቸው ናቸው፤ በጆሮው ሲመጡ ግን ይጠፉበታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በተማሪው ላይ ነው፤ «አያነብም፣ አይለማመድም» ይባላል። እኔ ግን ምክንያቱ ሌላ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ወደዚህ ተማሪ የገባው በዓይኑ፣ ከመጽሐፍና ከጥቁር ሰሌዳ ነው። ብሔራዊ ፈተናውም የማዳመጥ ችሎታን ስለማይለካ ጆሮውን የጠየቀው የለም። ዛሬ በየኪሱ ያለው ሞባይል ይህን ጉድለት ሊሞላ ይችላል። የሚሞላው ግን ድምፅና ቪዲዮ በብዛት ስለተለቀቀ ሳይሆን፣ መምህር መርጦ፣ አሳጥሮና ደጋግሞ ሲያሰማው ነው።

ጆሮ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም፤ ያደገበት ቋንቋ ይቀርጸዋል። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የሚያድጉ ሕፃናት በ6 እና በ8 ወራት መካከል የሂንዲን ተቀራራቢ ድምፆች ይለዩ እንደነበር፣ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ግን ይህ ችሎታ እንደሚደበዝዝ አሳይተዋል። የእኛም ጆሮ እንዲሁ ነው። «በዓሉ ገና አልደረሰም» እና «የገና በዓል» ስንል በመላላትና በመጥበቅ መካከል ያለውን ልዩነት ፊደሉ ባያሳየንም ወዲያው እንሰማዋለን፤ አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ ግን ብዙ ይደናገርበታል። በተራችን እኛ በእንግሊዝኛ አናባቢዎች እንቸገራለን። አማርኛ ሰባት አናባቢዎች ሲኖሩት፣ በመማሪያ መጻሕፍት የሚቀርበው የብሪታንያ እንግሊዝኛ 20 ያህል አለው። «መርከብ» እና «በግ» ማለት የሆኑት ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚለያዩት በአናባቢያቸው ብቻ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ሁለቱንም «ሺፕ» እንላቸዋለን፣ ስንሰማቸውም አንድ ይሆኑብናል። በዚህ ላይ ቃላቱ በንግግር ውስጥ ይዋሐዳሉ። በክፍል ውስጥ «ዋት ዱ ዩ ዋንት ቱ ዱ» ተብሎ ቃል በቃል የተነበበው ጥያቄ፣ ከተናጋሪው አፍ ሲወጣ «ዋዳዩ ዋናዱ» ወደሚል አንድ ትንፋሽ ይጠጋል። ይህን ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ አዲስ ቃል የመጣበት ይመስለዋል።

ታዲያ የተዘጋ ጆሮ በትምህርት ይከፈታል? ከሁሉ የበለጠ የተጠናው የጃፓናውያን ጉዳይ ነው። የጃፓንኛ ተናጋሪዎች በእንግሊዝኛ የ«ር» እና የ«ል»ን ድምፅ ለመለየት በጣም ይቸገራሉ። ተመራማሪው ዴቪድ ፒሶኒና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ፣ ጃፓናውያን በእነዚህ ድምፆች ብቻ የሚለያዩ ቃላትን እየሰሙ እንዲለዩና መልሳቸው ትክክል መሆን አለመሆኑ ወዲያው እንዲነገራቸው አደረጉ። ሠልጣኞቹ ተሻሻሉ። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ እየሰሙ የሠለጠኑት ያንኑ ሰው መስማት ሲለምዱ፣ የተለያዩ ሰዎችን ድምፅ እየሰሙ የሠለጠኑት ግን ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን ሰው ንግግር ጭምር መለየት ቻሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ፣ የመናገር ልምምድ ሳይሰጣቸው ማዳመጥን ብቻ የተለማመዱት ሰዎች አነጋገራቸውም ተሻሽሎ ተገኘ። አፍ የሚከተለው ጆሮን ነው ማለት ነው። ኢንተርኔት ለእንግሊዝኛ መምህር ያመጣለት ትልቁ ሀብትም እዚህ ላይ ይታያል፤ አንዱን ቃል በሴትና በወንድ፣ በወጣትና በአዛውንት፣ በናይጄሪያዊና በአሜሪካዊ አንደበት ማሰማት ይችላል። አንድ መምህር ብቻውን ይህን ሁሉ ድምፅ ሊሆን አይችልም።

በቴክኖሎጂ ቋንቋ ለማስተማር ስንሞክር ግን ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፕላዝማ» የሚባለው የሳተላይት ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በአንድ ሰዓት ለመላው አገሪቱ ይተላለፍ ነበር። ያን ዘመን የተማሩ የሚያስታውሱት ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፤ አነጋገሩ ፈጣን ነው፣ ቅላጼው እንግዳ ነው፣ ያመለጠ ነገር አይመለስም። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ተማሪው ጥያቄውን ሳይረዳ መልሱን ይናገርና ያልፋል። በክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር ማስቆም ስለማይችል ቆሞ ያያል። ይህን በማስታወስ «ቪዲዮ በፕላዝማ ተሞክሮ አልሆነም» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የፕላዝማው ዋና ችግር ስክሪን መሆኑ አልነበረም፤ አለመቆሙ ነበር። ዛሬ በሞባይል ላይ ያለ ቪዲዮ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፍጥነቱም ይቀነሳል። ሥልጣኑ ከሳተላይቱ ወደ መምህሩ እጅ ተመልሷል። መምህሩ ይህን ሥልጣን ሳይጠቀምበት የ40 ደቂቃ ፊልም ከፍቶ ከተቀመጠ ግን ፕላዝማውን መልሶ አመጣው ማለት ነው።

በተግባር ሲታይ ጥሩ ትምህርት ከአንድ ደቂቃ ድምፅ ይወጣል። መምህሩ መጀመሪያ ተማሪዎቹ መጽሐፍ ዘግተው አንድ ጊዜ እንዲሰሙና ነገሩ ስለምን እንደሆነ ብቻ እንዲናገሩ ያደርጋል። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያቆመ የሰሙትን እንዲጽፉ ይጠይቃል። ከዚያ ጽሑፉን ሲሰጣቸው ከጻፉት ጋር ያስተያያሉ፤ ጆሯቸው የት ላይ እንደወደቀ የሚያዩት ያኔ ነው። በመጨረሻ ድምፁን እየተከተሉ፣ ከተናጋሪው ጋር እኩል እያነሱና እየጣሉ ይናገራሉ። ቪዲዮ ከሆነ የተናጋሪውን ከንፈርና ጥርስ መመልከት ይጠቅማል፤ በአማርኛ የሌለውን፣ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥቶ የሚነገረውን የእንግሊዝኛ ድምፅ ከማብራሪያ ይልቅ ማየት ያስተምራል። ለጀማሪዎች በ1959 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ድምፅ የጀመረው ዓይነት፣ በ1,500 ያህል ቃላት ተወስኖ ረጋ ብሎ የሚነበብ ዝግጅት ይስማማል፤ ከፍ ላሉት ደግሞ እንደ ቢቢሲ የስድስት ደቂቃ እንግሊዝኛ ያለ፣ ሙሉ ጽሑፉ አብሮ የሚገኝ ዝግጅት አለ። ከስክሪኑ ግርጌ በሚወጣው ጽሑፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሆልገር ሚተረርና ጄምስ ማክዊን በሆላንዳውያን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ እንግዳ የእንግሊዝኛ ቅላጼ ያለው ፊልም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተመለከቱት ጆሯቸው ሲለምድ፣ በራሳቸው ቋንቋ ትርጉም የተመለከቱት ግን ይህን ያህል አልተጠቀሙም። ዓይን የሚያውቀውን ቋንቋ ሲያገኝ ጆሮ ሥራ ይፈታልና። የአማርኛ ትርጉም ታሪኩን ያስረዳል፤ ማዳመጥን አያስተምርም።

«ዳታው ውድ ነው፣ መብራትም ይጠፋል፣ በገጠር ኔትወርክ የለም» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ ነገር ግን መፍትሔው ከራሱ ከዘዴው ይገኛል። የሚያስፈልገው አንድ ደቂቃ ከሆነ፣ ያ አንድ ደቂቃ ድምፅ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። መምህሩ ከተማ ሲወጣ ለአንድ ወር የሚበቃውን አውርዶ፣ በሚሞሪ ካርድ ይዞ፣ በባትሪ በሚሠራ ስፒከር ማሰማት ይችላል። ሌሎች ደግሞ «መምህሩ ራሱ በትክክል ካልተናገረ ምን ዋጋ አለው? ተማሪው በቀጥታ ከዩቲዩብ ይማር» ይላሉ። እዚህ ላይ የተመራማሪዋ የፓትሪሺያ ኩል የ2003 እ.ኤ.አ. ጥናት ልብ ይባል። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የ9 ወር ሕፃናት በ12 ጊዜ ጨዋታ ቻይንኛ ተናጋሪ ሰው ሲያጫውታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ተማሩ፤ ያንኑ በቪዲዮ ብቻ የተመለከቱት ግን አልተማሩም። ተማሪ ሕፃን አይደለም፤ ሆኖም የሚያርመው፣ የሚያበረታታውና የሚያስደግመው ሰው ይፈልጋል። መምህሩ በራሱ አነጋገር ማፈር ሳይሆን፣ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ማዳመጥ ይበቃዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከክብር የሚመነጭ ነው፤ «ለምን እንግሊዝ ለመምሰል እንጣጣራለን? የራሳችን ቅላጼ ምን አለው?» የሚል። በዚህ እስማማለሁ። በዘርፉ መሪ የሆኑት ተመራማሪዎች መሬይ መንሮና ትሬሲ ደርዊንግ በ1995 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ጠንካራ ቅላጼ ያለው ሰው ንግግሩ ሙሉ በሙሉ ሊገባ ይችላል። የቋንቋ ተመራማሪዋ ጄኒፈር ጄንኪንስም በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የተለያየ አገር ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲግባቡ የአናባቢ ርዝመት፣ የተከታታይ ተነባቢዎች አነጋገርና በዓረፍተ ነገር ውስጥ ጫናው የሚያርፍበት ቃል ወሳኝ እንደሆኑ፣ በጥርስ መካከል የሚወጣው ድምፅ ግን ያን ያህል መግባባትን እንደማያደናቅፍ ተከራክራለች። ስለዚህ ግባችን መግባባት ነው፤ በእንግሊዝኛ 15 ሲባል 50 ብሎ የማይሰማ ጆሮ፣ 15 ሲል 50 የማይመስልበት አፍ።

መምህራን ለዚህ የሚጠብቁት መመሪያ የለም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ደቂቃ በማሰማት መጀመር ይችላሉ። የትምህርት ኃላፊዎች ግን አንድ ዕዳ አለባቸው። የማይፈተን ነገር በክፍላችን ቦታ እንደማያገኝ ሁላችንም እናውቃለንና፣ ማዳመጥ ቢያንስ በየትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ፈተና ውስጥ ይግባ። ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሌክቸር ይጠብቃቸዋል፤ ሲቀጠሩም በእንግሊዝኛ የሚደወል ስልክ። 12 ዓመት ተምረው ይህን የማይሰሙ ከሆነ፣ ጆሯቸውን ሳናስተምር ያስመረቅናቸው እኛ ነን።