«አይዳ»ን በርካሽ፦ የኦፔራ ቅጂ ሲገዙ ምን ማየት አለብዎት?

ኦፔራን እቤቱ ሆኖ ማዳመጥ የሚፈልግን ሰው መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው የምርጫው ብዛት ነው። አንድ ሥራ ብቻ፣ ለምሳሌ የጁዜፔ ቬርዲ «አይዳ»፣ በየዘመኑ በተለያዩ ዘፋኞች ደጋግሞ ተቀርጿል። አንዱ ቅጂ በምሳ ዋጋ ይገኛል፤ ሌላው የሳምንት አስቤዛ ያስወጣል። ገዢው ታዲያ «ርካሽ ዕቃ ምን ይረባል» ብሎ ወደ ውዱ ያዘነብላል። በኦፔራ ገበያ ግን ይህ ሐሳብ አይሠራም። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ከሚያመሰግኗቸው ቅጂዎች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው፤ የቆየ ደግሞ ርካሽ ነው።

አንድ ሙሉ ኦፔራ መቅረጽ ትልቅ ኦርኬስትራ፣ የኅብረ ዝማሬ ቡድን፣ ስመ ጥር ዘፋኞችና የብዙ ቀን ሥራ ይጠይቃል። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሸክላ አሳታሚዎች ይህን ወጪ ችለው እጅግ ብዙ ኦፔራ ቀርጸዋል። ያ ወጪ ድሮ ስለተከፈለ ዛሬ ያንኑ ሥራ ሽፋኑን እየቀያየሩ በቅናሽ ያወጡታል። ሕጉም ያግዛል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1963 በፊት ለገበያ የወጡ የድምፅ ቅጂዎች የመብት ጥበቃቸው ስላበቃ ማንኛውም አሳታሚ ድምፁን አጽድቶ ሊሸጣቸው ይችላል። ክላውስ ሃይማን በ1987 ሆንግ ኮንግ ላይ የመሠረተው አሳታሚ ናክሶስ በዚህ መንገድ ብዙ የቆዩ ኦፔራዎችን በዝቅተኛ ዋጋ አውጥቷል። አሜሪካ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ ከ1972 በፊት የተቀረጹት አብዛኞቹ ገና ጥበቃ ስላላቸው አውሮፓ የሚሸጠው ርካሽ ቅጂ እዚያ ላይገኝ ይችላል።

«አይዳ»ን በምሳሌነት የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለታሪኳ በግብፅ ምርኮኛ የሆነች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ አባቷ አሞናስሮ ይባላል፤ የምትወደው ደግሞ አገሯን ሊወጋ የሚዘምተውን የግብፅ ጦር መሪ ራዳሜስን ነው። ሥራው መጀመሪያ የታየው ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ካይሮ፣ የግብፅ ገዢ ኬዲቭ ኢስማኢል ባሠሩት የኦፔራ ቤት ነበር። እኚሁ ኢስማኢል አራት ዓመት ቆይተው እውነተኛ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ልከዋል። መድረኩ ላይ ግብፅ ታሸንፋለች፤ በእውነተኛው ጦርነት ጉንደትና ጉራ ላይ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ወደ ግዢው እንመለስ። መጀመሪያ የሚታየው የተቀረጸበት ዓመት ነው። የስቴሪዮ ሸክላ ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው በ1958 ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው በአብዛኛው ሞኖ ነው። ሞኖ ለብቸኛ ዘፈን እምብዛም አይጎዳም፤ ለ«አይዳ» ሁለተኛ ገቢር ግን ይጎዳል። እዚያ ላይ ቬርዲ ለድል ሰልፉ ረጃጅም መለከቶችን በሁለት ቡድን ከፍሏል። አንደኛው ቡድን ዜማውን ተጫውቶ ሲያበቃ ሁለተኛው ያንኑ ከፍ ባለ ቅኝት ይቀበለዋል። በጥሩ ስቴሪዮ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ሲመላለሱ ይሰማል፤ በሞኖ ሁሉም ከአንድ ቦታ ይመጣል።

ማሪያ ካላስ በ1955 በሚላኑ ላ ስካላ ከኦርኬስትራ መሪው ቱሊዮ ሴራፊን ጋር የቀረጸችው «አይዳ» ሞኖ ነው፤ ቃሉን በስሜት መግለጽ ላይ ግን የሚወዳደራት ጥቂት ነው። ሬናታ ተባልዲ በ1959 ከመሪው ካራያን ጋር ቪየና ላይ የሠራችው ስቴሪዮ ነው፤ ድምፁ ዛሬም ያምራል። ሞንሴራት ካባዬም በ1974 ከሪካርዶ ሙቲ ጋር ቀርጻለች። አንድ ብቻ ግዙ ብባል የምመርጠው ሊዮንቲን ፕራይስ በ1961 ሮም ላይ ከጌኦርግ ሾልቲ ጋር የቀረጸችውን ነው። ፕራይስ ከሚሲሲፒ የወጣች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ በ1985 የኒውዮርኩን ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የተሰናበተችውም በዚችው በአይዳ ሚና ነው። ከላይ የሚወጣው ድምፅዋ ሳይሳሳ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል።

ሽፋን አይመኑ፤ የመሪውንና የዘፋኞቹን ስም፣ የተቀረጸበትንም ዓመት ያንብቡ። የኢ.ኤም.አይ. የክላሲካል ሙዚቃ ክምችት በ2013 ወደ ዋርነር ስለዞረ ያው የካላስ ቅጂ በሁለት አሳታሚ ስም ይገኛል። አሮጌው የሚረክስ ከሆነ እሱን መውሰድ ነው። «አይዳ» ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ከአንድ ሲዲ በላይ ይይዛል፤ በአንድ ሲዲ ያለቀ ካዩ የተመረጡ ክፍሎች ብቻ መሆናቸውን ይወቁ። ከመድረክ በቀጥታ የተቀዱትም ርካሽ ናቸው፤ ጀማሪ ግን ይቆይ። ካላስ በ1951 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ቬርዲ ያልጻፈውን እጅግ ከፍ ያለ ድምፅ ያወጣችበት ምሽት ዝነኛ ነው፤ የቅጂው ጥራት ግን ትዕግሥት ይፈታተናል።

የርካሽ ቅጂ እውነተኛ ጉድለት ሙዚቃው ላይ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ነው። ዋጋ ለመቀነስ ሲሉ የኦፔራውን ሙሉ ቃል ከነትርጉሙ የያዘውን መጽሐፍ ያስቀሩና የታሪኩን አጭር መግለጫ ብቻ ይጨምራሉ። ጣልያንኛ ለማያውቅ ሰው ያለ ቃሉ መከታተል አድካሚ ነው። ደግነቱ የቃሉ ደራሲ የጊስላንዞኒ የ«አይዳ» ጽሑፍ የመብት ጥበቃው ካበቃ ቆይቷል፤ ጣልያንኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ሆኖ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል።

ያገለገለ ሲገዙ ሳጥኑን ከፍተው ይዩ። ዲስኮቹን ይቁጠሩ፤ መጽሐፉ መኖሩንም ያረጋግጡ። በተለይ የ1980ዎቹ ወፍራም የሲዲ ሳጥኖች ውስጥ ስፖንጅ ይደረግ ነበር፤ ያ ስፖንጅ እያረጀ ይሟሟና ዲስኩ ላይ ይለጠፋል፣ ያበላሸዋልም። ዲስኩ ላይ የሚያጣብቅ ቅሪት ካለ ይተዉት። ስፖንጁ ገና ደህና ከሆነ ደግሞ እቤት ገብተው አውጥተው ይጣሉት። የሸክላ ሳጥን ከባድ ነው፤ ማጫወቻ ላለው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ትልቁ መጽሐፍ አብሮት ይገኛል።

ሲዲ ማጫወቻ የሌለው በስልኩ ያዳምጣል። ነጻው የኢንተርኔት ሙዚቃ አገልግሎት መሀል ላይ ማስታወቂያ ያስገባል፤ አንዳንዱ ቅደም ተከተሉንም ያዘበራርቃል። በኦፔራ ደግሞ አንዱ ክፍል ሳያቋርጥ ወደሚቀጥለው ስለሚገባ በመሀል የሚፈጠር ዝምታ ይረብሻል፤ ይህን የሚያስቀረውን ማስተካከያ ያብሩ። በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የኦፔራ ሲዲ ያውሳሉ። ኦፔራቪዥን የተባለውም የአውሮፓ ኦፔራ ቤቶችን ትርዒት ከነጽሑፉ በነጻ ያሳያል።

«አይዳ»ን ከገዙ ሙሉውን በአንድ ምሽት ለመጨረስ አይጣደፉ። ቃሉን ፊትዎ ዘርግተው ከሦስተኛው ገቢር ይጀምሩ። አይዳ ዓባይ ዳር ሆና አገሯን የምትናፍቀውም፣ አባቷ መጥቶ የግብፆችን የጦር ምሥጢር እንድታወጣለት የሚያስጨንቃትም እዚያው ነው።