ለድርቅ ተጎጂዎች የሚገዛው በሬና የጂኖም ምርምር

በድርቅ ከብቶቹ ያለቁበትን ገበሬ መልሶ ለማቋቋም የእርሻ በሬ ገዝቶ ማደል የተለመደ ተግባር መሆኑ ይታወቃል። በሬው ከየትኛው ዘር እንደሆነና የሚላክበትን ስፍራ አየርና በሽታ ይችል እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎችም ስፍራዎች የተነሡ ሠፋሪዎች፣ በዚያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው በፓዌ ሲሠፍሩ፣ አካባቢው የፄፄ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ያለበት ነበር። የደጋ በሬ ደግሞ ለዚህ በሽታ በቀላሉ ይጋለጣል።

የከብቱን ተፈጥሮ አስቀድሞ ለማወቅ ዛሬ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ጠቅላላ የዘር መልእክቱን፣ ማለትም ጂኖሙን፣ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ነው። በ30 ጥንድ ክሮሞሶሞች ላይ የሠፈረው ይህ መልእክት 2.7 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ከደም ወይም ከፀጉር ሥር የተወሰደው ናሙና በመሣሪያ ይነበብና በ2001 ዓ.ም. ከታተመው የአንዲት ሄርፎርድ ላም ጂኖም በተነሣው መነሻ ቅጂ እየተነጻጸረ ልዩነቱ ይለያል።

በ2013 ዓ.ም. መባቻ ይፋ የሆነ ጥናት ከ16 የአፍሪካ ዝርያዎች የተውጣጡ 172 ከብቶችን በዚህ መንገድ መርምሯል፤ የአገራችን የሸኮና የኦጋዴን ከብቶችም ይገኙባቸዋል። ሻኛ የሌለው የጥንቱ የአፍሪካ ከብትና ሻኛ ያለው የእስያ ከብት ከ750 እስከ 1,050 ዓመት በፊት እንደ ተዳቀሉ፣ የዛሬውም የአፍሪካ ቀንድ ከብት የዚሁ ውጤት እንደሆነ ተደርሶበታል። ከሙቀት፣ ከበሽታና ከመራባት ጋር የተያያዙ 16 የጂኖም ክፍሎች ተለይተዋል። ገንዲን ከመቋቋም ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የተባለ አንድ ሌላ ክፍልም በሽታው በሚገኝባቸው ስፍራዎች በሚኖሩ ዲቃላዎች ላይ ታይቷል።

በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ በኩል ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በአንድ ወገን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ፣ በሌላው የዓባይ በረሃ ስላለ አንዱ በሬ በውርጭ፣ ሌላው በሐሩር ያርሳል። ከብት በጋራ ግጦሽ ሲውል የጥጃው አባት ብዙ ጊዜ በእርግጥ አይታወቅም፤ ምርመራው ግን ይለየዋል። የኮርማም ጥራት ሴት ልጆቹ ወልደው እስኪታለቡ ድረስ ዓመታት ሳይጠበቅ ከጥጃነቱ ሊገመት ይችላል።

ይሁን እንጂ ጂኖም ያለ መዝገብ ዲዳ ነው። ስለ ሆልስታይን ላም ወተት የተቀመረው ስሌት ስለ ጎጃም በሬ ጉልበት የሚነግረው የለም። ወጪውም ቀላል ስላልሆነ ጥቂት ኮርማዎችን በሙሉ፣ ሌሎቹን በተመረጡ ምልክቶች ብቻ መመርመር ይበጃል። በሬ ገዢው ሠራተኛ የተገዛበትን ወረዳ፣ ዕድሜውን፣ በቀን የሚያርሰውን፣ ቢሞትም ምክንያቱን ይመዝግብ። ከሥሩ የተነቀለ የጅራት ፀጉርም በደረቅ የወረቀት ፖስታ ተደርጎ ከመዝገቡ ጋር ቢቀመጥ ያለ ማቀዝቀዣ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።