ሳይበቅል የሚወጣው የወተት ጥርስና ዘግይቶ የሚታየው ጉዳቱ

ጥርስን በልማድ ማስወጣት በብዙ ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚወጣበት ምክንያትና ዕድሜ እንደ አገሩ ይለያያል። በባሮና በነጭ ዓባይ ተፋሰስ በሚኖሩት በኑዌርና በዲንካ ዘንድ የታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች የሚነቀሉት ልጁ ነፍስ ካወቀ በኋላ ነው፤ ክፍተቱም ማንም አይቶ የሚያውቀው የወገን ምልክት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚተረከው ልማድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም ገና ድዱን ያልሰነጠቀ የወተት ክራንቻ ከጨቅላ ሕፃን አፍ ቆፍሮ ማውጣት ሲሆን፣ የሚደረገውም ለምልክት ሳይሆን ለመድኃኒት ተብሎ ነው። የሚደረግበት ሕፃን አፉን ያልፈታ ስለ ሆነ፣ ከጊዜ በኋላ ባለቤቱ የማያስታውሰውን ነገር ጠባሳ ይዞ ይኖራል።

ይህ ልማድ በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያም ይገኛል። የዴንማርኩ ሊቅ ፒንድቦርግ በኡጋንዳ ያየውን ጥርስ የማውጣት ልማድና አብሮት የሚገኘውን የጥርስ ጉድለት በ1969 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በኡጋንዳ ሕመሙ «ኤቢኖ» ይባላል፤ በታንዛኒያ ደግሞ «የፕላስቲክ ጥርስ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ስሙ ቢለያይም አሳቡ አንድ ነው፤ በድድ ውስጥ የተደበቀ መጥፎ ጥርስ ሕፃኑን ያሳምመዋል፣ ካልወጣም ይገድለዋል የሚል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ከአራት እስከ ስምንት ወር ባለው ዕድሜው ሲታመም ነው። ትኩሳት፣ ተቅማጥና ትውከት ይይዘዋል፤ ጡትም እምቢ ይላል። እናቲቱ ወይም አያቲቱ አፉን ከፍታ ስትመለከት፣ ክራንቻ በሚበቅልበት ቦታ ላይ ድዱ ነጣ ብሎና አበጥ ብሎ ታገኘዋለች። በልማዱ የታወቀ ሰው ይጠራና በቢላዋ ጫፍ፣ በመርፌ፣ በምስማር ወይም በብስክሌት ሽቦ ድዱን ከፍቶ፣ ነጭና ለስላሳ ነገር አውጥቶ ያሳያል። በአንዳንድ ስፍራ ይህን ነገር ትል ይሉታል። በእርግጥ ግን የወጣው ነገር ትልም በሽታም ሳይሆን፣ ገና ያልጠነከረ የጤነኛ ጥርስ እንቡጥ ነው። የወተት ክራንቻ በተፈጥሮው ድዱን ሰንጥቆ የሚወጣው ልጁ ከ16 እስከ 20 ወር አካባቢ ሲደርስ ስለ ሆነ፣ በስድስተኛው ወር ለስላሳ ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። የድዱም ማበጥ በጤነኞቹ ሕፃናት ዘንድ ይታያል።

ታዲያ ልማዱ እንደሚፈውስ የሚታመነው ለምንድን ነው? በዚሁ ዕድሜ ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብና ውሃ መቅመስ ይጀምራል፤ በደረቱ እየተሳበም በእጁ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል። ስለዚህ ተቅማጡ የሚመጣው ከምግቡ፣ ከውሃውና ከመሬቱ ነው። እንዲህ ያለው ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ድዱ ተከፍቶ ሕፃኑ በማግሥቱ ቢሻለው ምስጋናው ለአውጪው ይሆናል፤ ቢሞት ግን «ዘግይቶ መጣ» ይባላል። በሁለቱም መንገድ ልማዱ ነቀፋ አይደርስበትም።

ጉዳቱ በሁለት ጊዜ ይታያል። የመጀመሪያው ቅርብ ነው፤ ደም መፍሰስ፣ የቁስል መመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍና ሞት ሊያስከትል ይችላል። ሁለተኛው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው። ቋሚው ክራንቻ በመንጋጋ ዐጥንት ውስጥ ከወተቱ ክራንቻ እንቡጥ አጠገብ ተቀምጦ መጠንከር የሚጀምረው ከአራተኛው እስከ አምስተኛው ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ስለቱ የሚገባው ቋሚው ጥርስ መሠረቱን በሚጥልበት ሰዓት ነው። የታችኛው ቋሚ ክራንቻ በ9 ወይም በ10 ዓመት፣ የላይኛው በ11 ወይም በ12 ዓመት ይጠበቃል፤ ስለቱ ያገኘው ግን ፈጽሞ ላይበቅል፣ ተጣሞ ወይም ከቦታው ርቆ ሊበቅል፣ አለዚያም ጠንካራው ሽፋኑ የጎደለና የተቦረቦረ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ጎረቤቶቹም ጥርሶች አይተርፉም፤ ሽፋናቸው ይጎዳል፣ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፣ የፊት ጥርሶችም መካከለኛ መስመር ወደ አንድ ወገን ይሳባል።

ከዚህ ጋር መኖር የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በክፍተቱ ምግብ ይሰነቀራል፣ ሽፋኑ የሳሳው ጥርስ ፈጥኖ ይበሰብሳል፣ ሥጋ የሚዘነጥለው ሰው ወደ ሌላው ጎን ያዞራል፤ ሲስቅ እጁን ወደ ከንፈሩ የሚያነሣም አለ። ሐኪም «ይህ ጥርስ መቼ ተነቀለ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «አልተነቀለም፤ ሳይበቅል ቀረ» ብሎ በቅንነት ይመልሳል። ምስክሩ ያለው እርሱ ዘንድ ሳይሆን እናቱ ዘንድ ነው።

ልማዱ ከሰዎች ጋር እንደሚሰደድ የእስራኤል ነገር ያስረዳል። ቤተ እስራኤል በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በ1991 እ.ኤ.አ. በብዛት ወደዚያ ከገቡ በኋላ፣ የጥርስ ሐኪሞች በልጆቻቸው አፍ የወተት ክራንቻ ጎድሎ አገኙ፤ ስለዚሁም በ1994 እ.ኤ.አ. ጥናት ታተመ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚያው አገር በተወለዱት ልጆች ዘንድ ልማዱ እንዳልቀረ አሳይቷል። ሐኪም ቤት ቅርብ መሆኑ ብቻውን ልማዱን እንዳላስቀረው ከዚህ ይታያል።

የልማዱ ጽናት ምክንያት እንግዲህ በጊዜው ርቀት ላይ ነው። ጥቅም መስሎ የሚታየው በማግሥቱ ሲገኝ፣ ጉዳቱ የሚገለጠው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱን የሚያያይዛቸው ሰው የለም። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በእናቶችና በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ያስቀጣል። ነገር ግን ሌሊቱን ሕፃኗ ሲያለቅስባት የምታድር እናት ከክልከላው ሌላ በእጇ የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል። ይኸውም ጡቱን አለማቋረጥ፣ ጨውና ስኳር በተመጠነ ልክ በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠበትን መጠጥ ደጋግሞ ማጠጣት፣ ሕፃኑ ከደከመም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ከዚህም ጋር፣ ክራንቻ የጎደለው የ12 ዓመት ልጅ ለምርመራ በቀረበ ጊዜ እናቱ አብራ ተጠርታ የክፍተቱ ምክንያት በትሕትና ቢነገራት፣ የታናሹ ሕፃን ድድ ሳይነካ የሚቀርበት መንገድ ይከፈታል።